በቀጥታ መስመር ለሚደረግ የአጭር ርቀት እሽቅድምድም የሞተር ሳይክል ስፕሮኬት አመራረጥ፦ ከወሎ ሞተረኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድራግ የሚባለው እሽቅድምድም ሁለት ሞተሮች ከቆሙበት ተነሥተው በቀጥታ መስመር የተለካ ርቀት የሚሮጡበት ውድድር ሲሆን፣ የተለመዱት ርቀቶች ሩብ ማይል የሆነው 402 ሜትር እና የእሱ ግማሽ የሆነው 201 ሜትር ናቸው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከቆቦ የሚመጡ ሞተረኞች ስለ ጥርስ (ስፕሮኬት) ምርጫ የሚጠይቁኝ ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ደብተሬ ላይ የቆየውን ስሌት እያየሁ መልሱን በአንድ ላይ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለጀማሪ ነው፤ ስሌቱን የሚያውቅ ሊያልፈው ይችላል።

ስፕሮኬት የትኛው ነው? ጥምርታውስ እንዴት ይሰላል?

በየጋራዡ «የፊት ጥርስ» እና «የኋላ ጥርስ» የሚባሉት፣ ሰንሰለቱ ወይም ካቴናው የሚዞርባቸው ሁለቱ ጥርሳም ብረቶች ናቸው። የፊቱ ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ የሚገባው ትንሹ ሲሆን፣ የኋላው ከኋላ ቸርኬ ጋር በቡሎን የሚታሰረው ትልቁ ነው። ጥምርታውን ለማግኘት የኋላውን የጥርስ ብዛት ለፊቱ ያካፍሉ፤ ከፊት 15፣ ከኋላ 45 ጥርስ ያለው ሞተር ጥምርታው 3 ነው፤ ይህም ማለት የኋላ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር የፊት ጥርሱ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ይህ ቁጥር ሲጨምር ሞተሩ ሁልጊዜ በከባድ ማርሽ እንደሚሄድ ሆኖ ጉልበት ያገኛል፣ የፍጥነት ጣሪያው ግን ዝቅ ይላል፤ ሲቀንስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሰው የሚሳሳተው ከፊት ጥርሱ ላይ ነው፦ ጉልበት የሚሰጠው ትልቅ የፊት ጥርስ ሳይሆን ትንሽ የፊት ጥርስ ነው።

ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ይሻላል ወይስ ከኋላ መጨመር?

በውጤት ደረጃ አንድ ጥርስ ከፊት መቀነስ ሦስት ጥርስ ያህል ከኋላ እንደ መጨመር ነው። ከላይ ባነሣሁት ሞተር ላይ የፊቱን ከ15 ወደ 14 ብናወርደው ጥምርታው 3.21 ይሆናል፣ ማለትም 7 በመቶ ይጨምራል፤ የፊቱን ሳንነካ ይህንኑ ለማግኘት ከኋላ 48 ጥርስ ያስፈልገናል። የፊቱ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ለመቀየርም ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ሙከራ የሚመረጠው እሱ ነው። የኋላው ጥቅም ለውጡን በትንሽ በትንሹ ለማስተካከል ማስቻሉ ነው፤ አንድ የኋላ ጥርስ ጥምርታውን የሚለውጠው በ2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ከፊት እየቀነሱ መሄድ ግን ወሰን አለው። ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ሰንሰለቱ በጠባብ ክብ ላይ ለመታጠፍ ስለሚገደድ ቶሎ ያልቃል፣ አንዳንዱ ሞተር ላይም ሰንሰለቱ የኋላ ጎማውን የሚይዘውን ሹካ እየፋቀ ያልፋል። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ከ13 በታች መውረድ አልመክርም።

ለ402 ሜትር የሚስማማኝን ጥርስ ከምን ተነሥቼ ልምረጥ?

ከመጨረሻው መስመር ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከመነሻው ነው፤ «ሲነሣ ይምዘግዘግልኝ» ይልና የጥምርታውን ቁጥር ያሳድጋል። ነገር ግን ጥርሱ ተስማማ የሚባለው ሞተሩ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ከፍተኛውን ጉልበት በሚሰጥበት ዙር (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ብዛት) ላይ ወይም ከዚያ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ ነው። ከዚያ ዙር በታች ሆኖ ካለፈ ሳይጠቀሙበት የቀረ ጉልበት አለ ማለት ነው፤ ብዙ አልፎት ከሄደ ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት አይጨምርም።

ለዚህ የሚያስፈልጉት ነገሮች አራት ናቸው፦ መስመሩን ሲያልፉ የነበረው ፍጥነት፣ የኋላ ጎማው አንድ ዙር ዞሮ የሚሄደው ርቀት፣ በሞተሩ መመሪያ ላይ የተጻፉት የካምቢዮ ቁጥሮች፣ እንዲሁም ከፍተኛው ጉልበት የሚገኝበት ዙር። የጎማውን ርቀት ለመለካት ጎማውና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ ነጂው ተቀምጦበት አንድ ሙሉ ዙር ይግፉትና በሜትር ይለኩ። ሳይቀመጡ የለኩት ልክ ትንሽ ይዋሻል፣ ምክንያቱም ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ይሟሽሻል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአንድ ባለ 150 ሲሲ ሞተር ጎማ በአንድ ዙር 1.85 ሜትር ይሄዳል፣ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ያለው የመጀመሪያ ጥምርታ 3.3 ነው፣ አምስተኛ ማርሹ 1 ለ 1 ነው፣ ከፍተኛው ጉልበቱም በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ ይገኛል እንበል። ሞተሩ ኮምቦልቻ ላይ በ15 እና 45 ጥርስ ተፈትኖ መስመሩን በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር አለፈ። 84 ኪሎ ሜትር በሰዓት በደቂቃ 1,400 ሜትር ነው፤ ለ1.85 ሲካፈል ጎማው በደቂቃ 757 ጊዜ ያህል ዞሯል። ይህን በ3፣ ከዚያም በ3.3 ስናባዛው ሞተሩ መስመሩን ያለፈው በ7,490 ዙር ገደማ እንደነበር እናገኛለን፤ ከሚፈለገው በ500 ዙር ያነሰ ነው። የፊቱን ወደ 14 ስናወርደው ያው ፍጥነት በ8,030 ዙር ላይ ይገኛል፣ ይህም የምንፈልገው ቦታ ነው። ወደ 13 ብንወርድ ግን 8,640 ስለሚሆን አልፈነው ሄደናል። መልሱ 14 ነው።

ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላ የማለፊያው ፍጥነት ራሱ በጥቂቱ ስለሚጨምር፣ ስሌቱን በአዲሱ ፍጥነት አንድ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ሦስተኛ ጊዜ መድገም ግን የወረቀት ጨዋታ ይሆናል።

የደሴና የኮምቦልቻ ከፍታ በጥርስ ምርጫ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ በእኔ እምነት ወሎ ላይ ከሁሉም በላይ ቸል የሚባለው ጉዳይ ይህ ነው። አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር የሚስበው አየር ስለሚሳሳ፣ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ቆቦ ወደ 1,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከነበረው ጉልበት ቆቦ ላይ 15 በመቶ፣ ኮምቦልቻ ላይ 18 በመቶ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ደግሞ ሩቡን ያህል አጥቶ ይቆማል። ያው ሞተር፣ ያው ነጂ፣ ያው ቤንዚን ሆኖ ነው ይህ ሁሉ የሚጠፋው።

ደግነቱ ጉልበት በሩብ ሲቀንስ የማለፊያው ፍጥነት በሩብ አይቀንስም። የተለካ ርቀት ጨርሶ የሚገኝ ፍጥነት የሚከተለው የጉልበትና የክብደት ጥምርታን ሦስተኛ ሥር ስለሆነ፣ የ25 በመቶ የጉልበት ኪሳራ የ9 በመቶ የፍጥነት ኪሳራ ብቻ ያመጣል፤ የኮምቦልቻው 6 ወይም 7 በመቶ፣ የቆቦው 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። መስመሩ ላይ ዙሩ ሳይወርድ እንዲገኝ የጥምርታው ቁጥር በዚያው ልክ ማደግ አለበት። ባሕር ጠለል ላይ በ15 እና 45 በትክክል የተስማማ ሞተር ቆቦ ላይ 15 እና 47፣ ኮምቦልቻ ላይ 14 እና 45፣ ደሴ ላይ 14 እና 46 ቢታሰርለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከላይ በምሳሌው 14 የወጣውም በአጋጣሚ አይደለም፤ ያ ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ያልፍ ስለነበር የፊት ጥርሱን መንካት ባላስፈለገው ነበር።

ሳስቶ የሚገኘው አየር ሞተሩን ከፊት የሚገፋበት ኃይልም ያነሰ ስለሆነ፣ ትክክለኛው ኪሳራ ከዚህ ስሌት ጥቂት ዝቅ ይላል፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ከተቸገሩ የጥምርታው ቁጥር ያነሰውን ይምረጡ። ደግሞም ጥርስ ከመግዛት በፊት ካርቡሬተሩን ያሳዩ። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደሴ ላይ ለሳሳው አየር የበዛ ቤንዚን ስለሚሰጥ ሞተሩ ይታፈናል፣ ሻማው ጥላሸት ይለብሳል፤ መፍትሔው ነዳጁ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ ባነሰ ቀዳዳ መቀየር ነው። የታፈነን ሞተር በጥርስ ማዳን አይቻልም።

ከፍታን የሚያሰላው የእኛ አገር ሞተረኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ የነበረውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የተዘጋው ባንዲሜር የተባለው የድራግ ሜዳ ከ1,750 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለነበር፣ ተወዳዳሪዎች ወደዚያ ሲሄዱ ጥርስም ነዳጅም ይቀይሩ ነበር። ኮምቦልቻ ከዚያም ከፍ ትላለች።

ጉልበት ከጨመረ የበለጠ መጨመር ለምን አይሻልም?

ይህን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ከፊት 13፣ ከኋላ 48 አስሬ ነበር፤ ጥምርታው 3.69 መሆኑ ነው። ሞተሩ ከመነሻው እንደ ወስፈንጥር ተፈናጠረ፣ የመጀመሪያዎቹን 60 ሜትሮችም ቀደምኩ፤ ግማሹ ላይ ስደርስ ግን አምስተኛ ማርሽ ገብቶ አልቋል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎኔ የነበረው ልጅ ሳይጣደፍ አልፎኝ ሄደ።

ችግሩ ማርሹ ቶሎ ማለቁ ብቻ አይደለም። ፍሪሲዮን ተይዞ ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት ሞተሩ ጎማውን አይገፋም፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ቅያሬ ጊዜ ይበላል። ጥምርታው ከመጠን በላይ ሲያድግ መስመሩ ሊደርስ 20 እና 30 ሜትር ሲቀረው አንድ ተጨማሪ ቅያሬ ይመጣል፣ ያ ቅያሬም የሚመልሰው ነገር ሳይኖር የወሰደውን ይዞ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ያንን ቅያሬ ለማስቀረት ሲባል የጥምርታውን ቁጥር በጥቂቱ ዝቅ ማድረግና መስመሩን በአራተኛ ማርሽ ላይ መጨረስ ያዋጣል፤ በ201 ሜትር ውድድር ላይ በተለይ ይህንን ያስቡበት።

ትልቅ ሞተር ካለኝስ?

ከላይ የተባለው ሁሉ ጉልበታቸው ለሚያንስ፣ እኛ ዘንድ ለተለመዱት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ሞተሮች ነው። በ600 እና በ1,000 ሲሲ ሞተሮች ላይ መነሻውን የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የጎማው መያዝና የፊት ጎማው መሬት ላይ መቆየት ነው። እነዚህ ላይ የጥምርታውን ቁጥር ማሳደግ የፊት ጎማውን ወደ ሰማይ ማንሣት ወይም የኋላውን በቦታው ማሽከርከር ነው፤ ነጂውም ጋዙን ለመቀነስ ስለሚገደድ የተጨመረው ጉልበት ለምንም ሳይውል ይቀራል። ብዙዎቹ የድራግ ሞተሮች የኋላ ሹካቸው የሚረዝመውና ቁመታቸው ዝቅ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ሱዙኪ ሃያቡሳ ከፋብሪካው የወጣው በ17 እና 40 ጥርስ ነው፤ ጥምርታው 2.35 ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ጥርስ ስቀይር ሰንሰለቱን መቀየር አለብኝ?

በመጀመሪያ የሰንሰለቱን ቁጥር ይመልከቱ፤ ጥርሱና ሰንሰለቱ ቁጥራቸው አንድ መሆን አለበት። 420 እና 428 በሚባሉት ላይ በአንድ ፒንና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 520፣ 525 እና 530 ላይ 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። 420 እና 428 የሚለያዩት በስፋትና በፒኑ ላይ በሚዞረው ቱቦ ውፍረት ነው፤ ይህም አሳሳች ነው፣ ምክንያቱም የ420 ጥርስ ላይ የ428 ሰንሰለት ያለ ችግር የገባ መስሎ ወደ ጎን ይዋልላል።

በርዝመት በኩል፣ በ428 ሰንሰለት ላይ አንድ ጥርስ መጨመር ወይም መቀነስ የኋላውን ጎማ ዘንግ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። አንድና ሁለት ጥርስ በማስተካከያው ይሸፈናል፤ በድምሩ አራት ጥርስ ከተለወጠ ግን ሰንሰለቱን በሁለት መጋጠሚያ ማስረዘም ወይም ማሳጠር የግድ ይሆናል። የጥርሶቹ ጫፍ እንደ ማጭድ ከታጠፈ ያለቀ ስለሆነ ሁለቱንም ጥርሶችና ሰንሰለቱን አንድ ላይ ይቀይሩ፤ አዲስ ሰንሰለት አሮጌ ጥርስ ላይ ማሰር አዲሱን በጥቂት ሳምንት ማስረጀት ነው።

ጥርሱን ከቀየርኩ በኋላ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል?

ሽቦው ከፊት ጎማ የሚነሣ ከሆነ አይዋሽም። ከካምቢዮው የሚያነብ ከሆነ ግን በለወጡት ልክ ይዋሻል፤ 7 በመቶ ያሳደገ ሰው 80 እየሄደ 86 ያህል ያነብባል።

የትኛው ጥርስ እንደሚሻል በምን ላረጋግጥ? ከደሴ ኮምቦልቻ ባለው መንገድ ላይ መሞከርስ ይቻላል?

በዚያ መንገድ ላይ አይሞከርም። ጠመዝማዛው፣ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁና ከብቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ መንገዱ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 650 ሜትር ያህል ስለሚወርድ የሚገኘው ቁጥር ራሱ ዋጋ የለውም። ሞተሩና ነጂው ተደምረው 210 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ዓይን የማያየው የ1 በመቶ ዳገት 2 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በ150 ሲሲ ሞተር ላይ ይህ ሁለት ጥርሶችን ከሚለያያቸው ነገር ሊበልጥ ይችላል። የሚያስፈልገው ባለቤቱና የትራፊክ ፖሊስ ፈቅደው የተዘጋ፣ የተስተካከለ፣ ከመጨረሻው መስመር በኋላም ከውድድሩ ርቀት የማያንስ ባዶ መቆሚያ ያለው ቦታ ነው። የራስ ቁርና ወፍራም ልብስ የሌለው ሰው አይፈተንም።

ቦታው ከተገኘ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ያው ነጂ፣ ያው የጎማ ንፋስ፣ ተቀራራቢ የቤንዚን መጠን ይሁን፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሩጡና መሐለኛውን ይውሰዱ። ቢቻል በሁለቱም አቅጣጫ ይሩጡ፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አንዱን ጥርስ ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። ደሴ ላይ የጠዋቱ ቅዝቃዜ አየሩን ስለሚያጠግበው፣ ጠዋት የተገኘን ቁጥር ከቀትር ቁጥር ጋር ማወዳደርም አይገባም። ጊዜውን ብቻ ሳይሆን መስመሩ ላይ የነበረውን ፍጥነትና ዙር ይጻፉ፤ ጊዜው የተሻሻለው መነሻው ላይ ይሁን ወይም መጨረሻው ላይ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

በዚሁ ሞተር በሳምንቱ ሥራ እሠራለሁ። ጥርሱ ይጎዳኛል?

እንደ መንገድዎ ነው። ኩታበር ወይም ገራዶ ዳገት ላይ ሰው ጭኖ ለሚውል ሞተር አንድ ጥርስ ከፊት መቀነስ እንዲያውም ዕረፍት ነው፤ ፍሪሲዮኑ አይቃጠልም፣ ማርሽ እየተቀያየረ አያሰለችም። ከወልድያ ቆቦ ሜዳውን ሲመላለስ ለሚውል ሰው ግን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጮህ ይውላል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። ጥርሱን ለውድድር ቀን ብቻ ማሰርና ማታ መመለስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ስንትና የትኞቹን ጥርሶች ገዝቼ ላስቀምጥ?

ሦስት የፊትና ሁለት የኋላ ይበቃሉ፣ ነገር ግን ግዢው ላይ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ከፊት 13፣ 14 እና 15 ገዝቶ ከኋላ 42 እና 45 ይመርጣል። ስድስት የተለያዩ ጥምርታዎች ያገኘ ይመስለዋል፤ 45 በ15 እና 42 በ14 ሁለቱም ልክ 3 መሆናቸውን፣ 45 በ14 እና 42 በ13 ደግሞ 3.21 እና 3.23 ሆነው እንደማይለያዩ ሲያውቅ ገንዘቡ ወጥቷል። በ42ቱ ምትክ 47 ከገዙ 3.00፣ 3.13፣ 3.21፣ 3.36፣ 3.46 እና 3.62 ያገኛሉ፤ ስድስቱም የተለያዩና በቅርብ ደረጃ የተከታተሉ ናቸው። ደሴ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው በ47ቱ ፈንታ 46 ቢወስድ ይሻለዋል።